የሁለቱ ወንድማማቾች ዳቦ

ባለፈው ነሐሴ ከቢቸና ወደ ሞጣ ስሄድ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ባለኮፍያ ጎረምሳ ስልኩን እያየ ብቻውን ይስቃል። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅ ምን እንዳሳቀው ሳላውቅ ማለፍ አይሆንልኝም፤ አንገቴን አሰገግሁ። የጥንቶቹ፣ የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላን አብራሪዎች ናቸው። ባለሸራ ክንፍ ነገር ከሜዳው ብድግ ይልና እንደ ዶሮ ትንሽ በርሮ ያርፋል።

"እማማ፣ ይዩትማ! ይኼም በረራ ሆኖ?" አለኝ።

አልሳቅሁም። ጭኔ ላይ በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ድፎ ዳቦ ይዣለሁ፤ የኮባው ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስሁና ወደ ደርጉ ዘመን ሄድሁ።

ያኔ ቢቸና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁ። ታላቅ እህቴ ደብሬ ሞጣ አግብታ የበኩር ልጇን ልትወልድ ደርሳለች። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ከእናቴ ጋር ተነሣን። ዛሬ አስፋልቱ ላይ እያንቀላፉ የሚያልፉትን መንገድ፣ ያኔ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን፣ ጭቃው ሲይዘን እየወረድንና እየገፋን ነው የደረስነው። ደግነቱ ቀድመን ደረስን፤ ከኛ በኋላ ዝናቡ ጠና፣ ወንዙ ሞላ፣ መንገዱም ተዘጋ።

የደብሬ ምጥ ግን ክፉ ሆነ። አዋላጆቹ የሚያውቁትን ሁሉ ሞከሩ፤ እኛም ደጅ ቆመን ማርያም ማርያም አልን። በመጨረሻ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ባሕር ዳር ካልደረሰች ከእጁ እንደወጣች ለእናቴ ነገራት። መንገድ የለም። የቀረችን በሣሩ ሜዳ ላይ የምታርፈው አውሮፕላን ብቻ ናት፤ በማግስቱ የምትመጣበት ቀን ነው፣ ሰማዩ ከፈቀደ።

ሰማዩ አልፈቀደም። ሲነጋ ሜዳው በጉም ተሸፍኗል፤ የከብቶቹ ድምፅ ይሰማል እንጂ ከብቶቹ አይታዩም። ደብሬን በቃሬዛ አመጣናት። የደብሬ ጎረቤት ሰይድ፣ ነጋዴው፣ ሱቁን ዘግቶ ከፊት ተሸክሟል። ከዚያ ተቀምጦ መጠበቅ ሆነ። የሆነች ሴት ትኩስ የድንች ቅቅል ሰጠችኝ፤ እጄን አሞቅሁበት እንጂ አልበላሁትም።

ረፋድ ላይ ድምፁ መጣ። አውሮፕላኗ ከጉሙ በላይ ትዞራለች፤ ትርቃለች፣ ትመለሳለች። እንደዚያ ያለ የሚያባባ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። እህቴ ከታች ታቃስታለች፣ ከላይ የማናየው ነገር ያንጎራጉራል፣ መካከል ላይ ነጭ ጉም። ሕልም ይሁን እውን እስኪጠፋኝ ድረስ ቆምሁ። እናቴ ጭቃው ላይ ተንበርክካለች።

ድምፁ ሊርቅ ሲል ጉሙ በአንድ በኩል ተቀደደ። ሰዉ ከብቱን እየጮኸ ከሜዳው አባረረ፤ አውሮፕላኗም በቀዳዳው ወርዳ ውሃውን እየረጨች አረፈች። ደብሬን በጭነቱ ጆንያዎች መካከል አስተኟት፤ ባሏ ተከትሏት ገባ። ለእናቴ ቦታ አልተረፈም።

አውሮፕላኗ ከጠፋች በኋላም እናቴ ሰማዩን እያየች ቀረች። "ለመሆኑ ይኼን ነገር መጀመሪያ የሠራው ማነው?" አለችኝ።

የፊዚክስ አስተማሪያችን ያስተማረንን ነገርኋት። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው፣ ብስክሌት ጠጋኞች፣ ሰው ሁሉ እየሳቀባቸው የሞከሩ፤ ሁለቱም ሳያገቡ፣ ሳይወልዱ ሞቱ። እናቴ ከበረራው ይልቅ የመጨረሻዋ ነገር አስደነገጠቻት።

"ውይ! ታዲያ ተዝካራቸውን ማን አወጣላቸው?"

እዚያው ጭቃው ላይ ተሳለች፤ ልጇ በሕይወት ከተመለሰች የሁለቱን ወንድማማቾች ተዝካር ልታወጣ።

ከዚያ ደብሬን ልንቀበል ስንት ጊዜ ሜዳው ድረስ ወጥተን ባዶ እጃችንን ተመለስን። አንድ ቀን ግን የአውሮፕላኗ በር ሲከፈት ደብሬ ራሷ ቆማ ታየች፤ ከስታለች፣ ልጅ ታቅፋለች። እናቴ እልል ማለት አቅቷት አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ።

ተዝካሩ ግን ቀላል አልነበረም። የደብሬ ባል ፈራ፤ ቀበሌው በየስብሰባው "ኢምፔሪያሊዝም ይውደም" በሚያስብልበት ዘመን ለአሜሪካኖች ጠላ ተጠመቀ ቢባል ማን ሊያድነን ነው አለ። እናቴ አገራቸውን ላትናገር ቃል ገባች። የነፍስ አባቷ መምሬ ፈንቴ ደግሞ የክርስትና ስማቸውን ጠየቋት።

"አላውቅም አባቴ፤ እኔ የማውቀው ልጄን ማዳናቸውን ነው" አለቻቸው።

መምሬም "እንግዲያውስ ስማቸውን ለሚያውቀው እንተውለትና ዳቦውን ለድሃ ስጪው" አሏት። የቆሎ ተማሪዎችና ነዳያን በሉ። ሰይድም ማር ልኮ ነበር።

በየዓመቱ በነሐሴ እናቴ ዳቦውን መጋገር አላቋረጠችም። እሷ ስታርፍ ደብሬ ተቀበለች። ደብሬም ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አረፈች፤ ዕድሜ ጠግባ፣ የልጅ ልጅ አይታ። እና ዳቦው አሁን የኔ ሆነ። ያ በአውሮፕላን የመጣው ሕፃን ሽበት አብቅሎ ሞጣ መናኸሪያ ይጠብቀኛል።

ጎረምሳው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከትቶ "እማማ፣ ዳቦው የማን ድግስ ነው?" አለኝ።

"ቅድም የሳቅህባቸው ሰዎች ሙት ዓመት ነው" አልሁትና ታሪኩን ነገርሁት። ዳቦው ሞጣ ሳይደርስ መቆረስ አልነበረበትም፤ እኔ ግን ቋጠሮውን ፈትቼ ከዳር ቆረስሁለት።

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ከመቅመሱ በፊት ኮፍያውን አወለቀና "ነፍስ ይማር" አለ።