ሽምብራ የምታህል ርግብ

አርፋችሁ ተቀመጡ፣ አትቁነጥነጡ! አንቺ ደግሞ የምልሽን ጻፊ።

ወንድሜ፣ ያኔ ገና አባታችሁ ሳይሆን፣ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ዘመተ። እናት አባት የሉን፤ ቢቸና ላይ እኔና ባዶው ቤት ቀረን። የማወራው ሰው ሳጣ ከጭቃ ሽምብራ የሚያካክሉ ርግቦች እሠራና በፍም እጠብሳለሁ፤ በሰላም እንዲመለሱ፣ ለሱም ለጓደኞቹም። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ "ደግሞ ሸክላ ሠሪ ሆንሽልን?" ይሉኛል። እንዳይሰበሩ ብዬ ከሽምብራ ቆሎ ጋር ቀላቅዬ ላክሁለት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

አንድ ማለዳ በሬን ስከፍት የማላውቀው ወታደር አፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። እንዲህ ሆኖ የመጣ ምን ሊነግረኝ ነው? መርዶ ነዋ! "ወንድሜን!" ብዬ ደረቴን ስደቃ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ እትዬ ጥሩወርቅማ ሙሾ ጀመሩ። ሰውየው "ኧረ እህቴ፣ ደኅና ነው!" ቢል ማን ይስማው።

እጁን ሲያነሣ ለካ የፊት ጥርሱ የለም። ከኪሱ ክንፏ የተሰበረ ርግቤን አወጣ።

"ቆሎ መስላኝ ቆረጠምኋት። ወንድምሽ 'አገርህ ሞጣ ስትገባ ቢቸና ጎራ በልና ራሷን ተጣላት' አለኝ።"

ለቀስተኛው ተበተነ፣ ቤቱ እንደገና ጭር አለ። እሱ ግን አልሄደም። በምን ልካሰው? "እንግዲህ ጥርስህን ካወለቅሁ..." ብዬ ስጀምር...

"አንቺ! ቆሎዬን ለቀምሽልኝ ወይ?"

መጣሁ! ሰማችሁት አጎታችሁን? ዛሬም እኔ ካልለቀምሁለት አንዲት ፍሬ...