ስሙ ከነእናቱ ስም

ከሰቆጣ ልወጣ ስል፣ በዋዜማው ምሽት መብራት ጠፍቶ ነበርና ሻንጣዬን ያሰርነው በወንድሜ ባጃጅ የፊት መብራት ነው። ወንድሜ መልካሙ ባጃጁን ደጃፋችን ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ልብሴን አጣጥፌ ስከት ያየኛል። እናታችን ነጭ ማር በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ ክዳኑን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ያንን ማር ጀርመን ስደርስ ጉምሩክ ላይ ወስደውብኛል፤ እስካሁን አልነገርኳትም።

መልካሙ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና፣ «ይኼን ሁሉ ኮከብ ትተህ ለኮከብ ብለህ ትሰደዳለህ?» አለኝ።

«እዚያ የሚያዩበት መሣሪያ አላቸው።»

«እኛስ ዓይን አለን አይደል?» ብሎ ሳቀ። ሊነጋጋ ሲል ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ድረስ አደረሰኝ፤ እስኪነሳም ቆመ።

እናንተ አገር ቤት ያላችሁ፣ ዛሬም ስደውል «ኮከብ ቆጠራው እንዴት ነው?» ትሉኛላችሁ። ኮከብ ቆጣሪ በእኛ ዘንድ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ስምህን ከነእናትህ ስም ጠይቆ፣ ፊደሉን ደምሮ ዕጣህን የሚነግርህ ነው። እናቴ እንዲህ ያለውን ሰው ደጇን አታስረግጥም። የከዋክብት ጥናት የትምህርት ዕድሉን ያገኘሁ ጊዜ ልጄ ጠንቋይ ሊሆን ነው ብላ አልቅሳ፣ ያረጋጓት የንስሐ አባታችን ናቸው።

የእኔ ሥራ ሌላ ነው። የኮከቡ ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቶ ኮምፒውተሬ ላይ ይመጣል። በቀለሞቹ መሃል ቀጫጭን ጥቋቁር መስመሮች አሉ፤ ብረት የራሱ መስመር አለው፣ ማግኒዥየም የራሱ፣ ባሪየምም የራሱ። መስመሩን ለክቼ ኮከቡ ውስጥ ምን ያህል ብረት እንዳለ አውቃለሁ። ይህን በፍኖተ ሐሊብ፣ ፀሐያችን ባለችበት የኮከቦች ጭፍራ፣ ከዳር እስከ ዳር ለተበተኑ ኮከቦች እናደርጋለን። ለምን ብትሉ፣ ከአንድ የጋዝ ደመና የተወለዱ ኮከቦች ከዘመን ብዛት ይለያያሉ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይሄዳል፤ የተሠሩበት ነገር ግን አንድ ሆኖ ይቀራል። በዚያ እየለየን ወንድማማቾቹን እንፈልጋለን። የምተዳደረው በዚህ ነው፣ የጠፋ ወንድም በመፈለግ።

በዓይኔማ ኮከብ ካየሁ ቆየሁ። እዚህ ሰማዩ ታጥቦ ያልደረቀ ጋቢ ይመስላል። ዳቦው ይኮመጥጣል ሲሉኝ እንጀራ እንጀራ ይለኛል ብዬ ጓጉቼ ነበር፤ የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አውቶቡስ ስሳፈር እንደ አገሬ ለሁሉም «ጉተን ሞርገን»፣ እንደምን አደራችሁ፣ ብል የመለሰልኝ ሹፌሩ ብቻ ነው። አከራዬ ሥራዬን የነገርኳቸው ዕለት ደስ አላቸውና፣ «እኔ ኮከቤ አንበሳ ነው፤ ዘንድሮ ባል አገኛለሁ?» አሉኝ። «ስለ ባል አላውቅም፣ ብረትዎን ግን ልለካልዎ እችላለሁ» ብላቸው አልሳቁም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ስልክም ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ ያነሳችው እናቴ ናት። ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጁ ቆሞ፣ መልካሙ ማሽላ ሊሸምት በእግሩ ወደ አበርገሌ ወርዶ አልተመለሰም። አንዱ ወልድያ አየሁት ይላል፣ ሌላው ተከዜን ተሻገረ ይላል። መርዶ ያመጣ ግን የለም፤ ስለዚህ አልተለቀሰም፣ ተዝካሩም አልወጣም። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ነፍሱ ስንቅ አጥታ ቆማለች ትላለች እናቴ። ባጃጁ ግቢው ውስጥ አለ፤ ዶሮዎች ያድሩበታል።

ሄጄ ልፈልገው ብዬ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ እድሳት ላይ ስለነበር፣ አስቸኳይ ፈቃድ ሳልይዝ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።

«ወንድምዎ ሞተዋል?» አለኝ ባለሥልጣኑ።

«አላውቅም።»

«ከሞቱ የሞት ማስረጃ ያምጡ።»

«ካልሞተስ?»

«ካልሞቱማ አስቸኳይ አይደለም» አለና፣ «ቢተ»፣ ይግቡ፣ ብሎ ተረኛውን ጠራ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ተስፋ የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬን የምሠራው እንዲሁ ያለ ልብ ነው።

ባለፈው እሑድ እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ደወልኩላት። ስታዝን አማርኛው ስለሚያጥራት ኽምጥኛ ትቀላቅላለች፤ ያን ዕለት ግን ሲያጠኑት እንደሰነበቱት ጸሎት በጥርት ያለ አማርኛ ተናገረች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ለንስሐ አባታችን እንዳትነግር።»

«ምን እማየ?»

«የወንድምህን ኮከብ እይልኝ። ወይ አለ በለኝ፣ ወይ የለም በለኝ። ካለ ልጠብቀው፣ ከሌለም ቁጭ ብዬ ላልቅስ።»

«እማየ፣ የኔ ሥራ እኮ እንዲያ አይደለም። እኔ ብረቱን ነው የምለካ።»

«እዚያ ሰማይ ላይ ያለ ብረት ያልተሰወረህ፣ ወንድምህ እንደምን ይሰወርሃል?»

እሺ ያልኳት መሰላትና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀስ እያለች ታጽፈኝ ጀመር።

«የክርስትና ስሙ ወልደ ገብርኤል። ጻፍክ?»

«እማየ...»

«የእናቱ ስም ታደለች» አለችኝ፣ ለማያውቃት ሰው እንደምትናገር። «ታደለች ነው የእናቱ ስም። ጻፍክልኝ?»

«ጻፍኩ» አልኳት።

«እንግዲያስ እጠብቃለሁ» ብላ ስልኩን ዘጋች።