የተወቀጠ ዛጎል

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቃሎ ቢሰፈር ስንት እፍኝ ይሞላል? በደቡብ ኮሪያዋ ቶንግዮንግ ወደብ የባሕር ዛጎል ሲፈለቅቁ ያረጁት ሴት፣ ሁልጊዜ የላስቲክ ሽርጣቸውን ኪስ በቅርፊት ሞልተው ወደ ቤት ይገባሉ። እሳት ላይ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ከሩዝ ፉርሽካ ጋር ለአምስት ዶሮዎቻቸው ይበትኑታል። እንቁላሉ ሴኡል ላለው ልጃቸው በአውቶቡስ ይላካል። የእሳቸው ወገብ እንደ ማጭድ ጎብጧል።

«እማማ፣ ለአጥንትዎም ትንሽ ቢቅሙለት ምናለ?» ትላለች ጎረቤታቸው ማልሱን።

«እኔ ምን እንቁላል እጥላለሁ ብዬ!»

ዳሌያቸው ተሰብሮ በቃሬዛ ሲወጡ የማልሱንን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ እስክመለስ ዛጎሉን እንዳታስቀሪባቸው። ካጡት የገዛ እንቁላላቸውን መብላት ይለምዳሉ፤ ያን የለመደች ዶሮ ደግሞ ቢላዋ ነው የሚጠብቃት።»

ማልሱን ዶሮዎቹን ፉርሽካውን አልነፈገቻቸውም። ዛጎል የወቀጠላቸው ግን አልነበረም።