በመስኮቴ የፈላው ስኳር

ዛሬም ድረስ የሚያበሽቀኝ ሐሳቡ ትክክል መሆኑ ነው። ስኳር በእርሾ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ውሃ ውስጥ ያለ ተክል ያንን አየር ካገኘ ይለመልማል። ይህንን ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬአለሁ። እኔ እጅ ሲገባ ግን ሁሉም ነገር ተበላሸ። የተበላሸው ቅጠሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት!

በደርግ ጊዜ ነው። የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ጭሮ ስመደብ፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት ሙስሊም እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየሁ። እማማ ነበር የምላቸው። ክርስቲያን መሆኔ አላሳሰባቸውም። ቃል ያስገቡኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው።

«በዚህ ቤት ይሰገዳል። መጠጥ የሚባል እንዳይገባ። ሌላው የራስህ ጉዳይ ነው።»

መጠጥ ስለማልወድ፣ ሳላስብበት እሺ አልኩ።

ገንዳው ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ ውጦት ያገኘሁት የመስታወት ሳጥን ነው። ተሰንጥቆ ስለነበር በስቱኮ ደፈንኩት። ከሚኤሶ ወዲያ ካለ ኩሬ ጥቂት ትንንሽ ዓሦችና የውሃ ተክሎች በባልዲ አመጣሁ፤ አሸዋ አንጥፌ ተከልኳቸውና ወደ ግቢው በሚያየው መስኮት ሥር አስቀመጥኩት። እማማ ወደዱት። በየቀኑ ለአስር ሰዓቱ ሶላት እጅ እግራቸውን ታጥበው ውዱእ ሲያደርጉ፣ መስኮቱ ጋ ቆም ብለው ያዩት ነበር።

«ሱብሃነላህ!» አሉኝ አንድ ቀን። «ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ሰው ግን አያሙም።»

ወር ሳይሞላ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆኑ፤ አረንጓዴ ልጋግ ሸፈናቸው። «ልጄ፣ እነዚህ ታመዋል» አሉኝ እማማ። መምህር ነኝና አላውቅም ማለት አልሆነልኝም። መድኃኒታቸውን አውቃለሁ አልኩ።

የማውቀው መድኃኒት እንግዲህ ያ አየር ነው። አንድ ትልቅ ጠርሙስ ፈለግኩ። ከክሊኒክ የተጣለ የጉሉኮስ ቱቦ ለመንኩ። እርሾውን ያገኘሁት ከጎረቤታችን ነው፤ ከክፍሌ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ የሚጋሩ ጠላ ሻጭ ነበሩ። ጥንስሳቸውን በጣሳ ሲቀዱልኝ ሳቁብኝ። «መምህር፣ ደግሞ ጠመቃ ጀመርክ?» የለም፣ ለትምህርት ነው አልኳቸው። ጣሳውን በካፖርቴ ሥር ደብቄ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ጥንስሱንና ስኳር ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሬ መስኮቱ ላይ አቆምኩት፤ አፉን በቡሽ ደፍኜ፣ ቱቦውን ቡሹን በስቼ ወደ ገንዳው አወረድኩት። የሚጠጣው ሰው ስለሌለ መጠጥ አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ጠርሙሱን ግን በፎጣ ሸፈንኩት። መጠጥ ካልሆነ ለምን እንደምሸፍነው ራሴን አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው። የመጀመሪያው ቀን አረፋው ገንፍሎ በቱቦው ገንዳው ውስጥ ገባ፤ ውሃው ቡናማ ሆነ፣ ዓሦቹ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው ያለከልኩ ጀመር። ቅዳሜዬን ሙሉ ውሃ ስቀይር ዋልኩ። በሁለተኛው ሙከራ ቡሹ አየር እያስወጣ አንዲት አረፋ እንኳ አልመጣችም። ሦስተኛው ጥሩ ጀመረና የጭሮ ብርድ ገደለው። ጠርሙሱን በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ጠርሙስ ጋቢ ለብሶ እኔ እንቀጠቀጣለሁ! በዚህ መሃል ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ በራሽን የማገኛት ስኳር አለቀች። ሻይ መራራ ጠጣሁ፤ ቅጠሎቹም መበስበሳቸውን አልተዉም። ገንዳውን አንስቼ በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

ረመዳን ገባ። እማማ ፊቴን አይተው፣ መድኃኒቱ ምን ጎደለው ብለው ጠየቁኝ።

«ስኳር» አልኩ።

«ቅጠል ስኳር ይበላል?»

ስለ እርሾ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና ፈራሁ። «አዎ፣ ይበላል» አልኩ።

በማግስቱ የወሩን ስኳራቸውን በሙሉ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ለማፍጠሪያ ያስቀመጡት ነው። «ለኔ ሆጃዬ ይበቃኛል፤ እሱ በጨው ነው» አሉኝ። ሆጃ የሚሉት የቡና ቅጠል አፍልተው የሚጠጡት ነው። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ተቀበልኩ።

በዚህኛው ዙር ቡሹን በካላማዳሪ ጎማ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። በአራተኛው ቀን አስር ሰዓት ገደማ፣ ከቅጠሎቹ ሥር ነጫጭ የአየር አረፋዎች ተደርድረው አየሁ። ተሳካ! ከደስታዬ ብዛት እማማን ጮኼ ጠራኋቸው። ውዱእ አድርገው፣ የሶላት ልብሳቸውን ለብሰው መስኮቱ ጋ መጡና ጎንበስ አሉ። እኔ በኩራት እያሳየኋቸው ሳለ የቱቦው አረፋ ቆመ። ከጥንስሱ ጋር የመጣ የጌሾ ቅጠል ወትፎት ኖሯል። ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ቡሹ ጧ ብሎ ተፈናጠረ፤ አረፋው በመስኮቱ ወጥቶ ሻሻቸውና ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

ሻሻቸውን አሸተቱ። «አስታግፊሩላህ። ይሄ ጠላ ነው።»

«ጠላ አይደለም፣ እማማ። የምፈልገው አየሩን ብቻ ነው። ስኳሩ ሲፈላ...»

«የኔ ስኳር?»

«አዎ።»

ወደ ቤታቸው ገቡ። እንደገና ታጠቡ፣ ልብስ ቀየሩ፣ ሰገዱ። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሲወጡ፣ ክፍሉን እለቃለሁ አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ጠላ ሻጯ ግድግዳ ዘረጉ።

«ከዚህ ጀርባ ሃያ ዓመት ጠላ ሲፈላ ኖሯል። ጭቃ ነው፤ ትበሳዋለህ፣ ቱቦህን ታሳልፋለህ። ጠላው እዚያ፣ አየሩ እዚህ። ብትጠይቀኝ እኔው ሄጄ እነግራት ነበር።»

ስንት ሳምንት በብርድና በቁጣ የተቃጠልኩበትን ነገር፣ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ሴትዮ በሁለት ቃል ፈቱት። የጎደለኝ መጠየቅ ብቻ ነበር።

«ልቀቅ አላልኩህም፣ ልጄ» አሉኝ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ግን ቅጠል ስኳር ይበላል ስትለኝ፣ ገበያ ለማገኛቸው ሴቶች ሁሉ አውርቻለሁ። አላመኑኝም። መምህሩ ነው የነገረኝ፣ እሱ አይዋሽም ብዬ ተከራከርኩ። ነገ ምን ልበላቸው?»