ሚስማር የማይወድ መክተፊያ

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ አርፎ አይቀመጥም። ይህን ስል ወንድሜ ይስቃል። እሱ ሶዶ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጺ ነው፤ እኔ አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ የወርክሾፑን አንድ ጥግ ይዤ ገበቴና መክተፊያ እሠራለሁ። ጥጉን የሰጠኝ ስለሚወደኝ ነው እንጂ ሙያዬን ስላመነ አይደለም።

አምና ለአክስቴ የሠራሁት ትልቅ የሥጋ መክተፊያ በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ዕለት መሀሉን ተሰነጠቀ። አክስቴ ቆላው ዲምቱ ነው የምትኖረው፤ የጎረቤቱ ቅርጫ የሚከፋፈለውም እሷ ግቢ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ሥጋና የቃሪያ ዳጣ ገብቶ ሸተተ፤ ወሬው ደግሞ ከሽታው ቀድሞ ሶዶ ደረሰ። ዘንድሮ አክስቴ አዝናልኝ ሌላ ሥሪልኝ ስትል ወንድሜ፣ "ይሄም ከተሰነጠቀ ጥጉን ለቀሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ" አለኝ። አልተቆጣም። ያስፈራኝ አለመቆጣቱ ነው።

የት እንዳጠፋሁ ገብቶኛል። ክረምቱን ሙሉ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም እንጨቱን ያሳብጠዋል። ያንን ያበጠ የዋንዛ ጣውላ ቆላ ሲወስዱት ሙቀቱ ያኮማትረዋል፤ በርዝመቱ ሳይሆን በወርዱ። አምና እንዳይጣመም ብዬ ከሥሩ ሁለት አግዳሚ እንጨት በሚስማር ቸነከርኩበት። ጣውላው ልጥበብ ሲል ሚስማሩ አልለቅም አለ፤ መሄጃ ሲያጣ ተቀደደ።

ዘንድሮ ከሥሩ አፉ ጠቦ ሆዱ የሰፋ ቦይ ቆፍሬ አግዳሚዎቹን እንደ መሳቢያ አንሸራትቼ አስገባኋቸው። እያንዳንዱን መሀሉ ላይ ብቻ በአንድ የእንጨት ችካል ያዝኩት፤ ጫፎቹን ነጻ ተውኳቸው። ሲነኩ ትንሽ ይነቃነቃሉ። ወንድሜ ነካ ነካ አደረጋቸው። እሱ ዘንድ የሚነቃነቅ ዕቃ ያላለቀ ዕቃ ነው።

በዓሉ ጥቂት ቀን ሲቀረው በሚኒባስ ወደ ዲምቱ ሄድኩ። መክተፊያውን እግሬ ላይ ደግፌ ከሥሩ ስዳብሰው ጣቴ ቀዝቃዛ ነገር ነካ። ገልብጬ አየሁት። በየአግዳሚው ጫፍ የሚስማር ራስ። ለወንድሜ ደወልኩለት፤ አልካደም።

"ላላ ያለ ዕቃ ይዘሽ ሰው ፊት እንዳትቀርቢ ብዬ ነው" አለኝ።

ለእኔ አስቦ ነው። ምን ብዬ እንደመለስኩለት ግን እዚህ አልጽፈውም። የቀረውን መንገድ ጣውላው ሲሰነጠቅ የሚሰማ እየመሰለኝ ጆሮዬን ወደ ታች አዘንብዬ ሄድኩ።

አክስቴ ቤት ሰላምታውን ሳልጨርስ ጉጠት ጠየቅኩ። ባሏ ጥላ ሥር ካራ ይስሉ ነበር።

"አንቺ ልጅ፣ አምና መሀሉን ከፈትሽው፤ ዘንድሮ ሱሪውን ልታወልቂለት ነው?"

"እርስዎ ካራዎን ይሳሉ" አልኳቸው። አክስቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ እሳቸው ግን ሳቁ።

ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። በመጨረሻው ሥር ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። የእንጨቱ መልክ ትሁን ስንጥቅ መለየት አቃተኝ። መክተፊያውን ጥላ ውስጥ በጠርዙ አቆምኩት፤ ከሁለቱም በኩል ነፋስ እኩል እንዲያገኘው። ሶዶ መመለሱን ተውኩት። በየጠዋቱ ፊቴን ሳልታጠብ መስመሯን በጥፍሬ እለካ ነበር። አክስቴ ይህን እያየች፣ ጨቅላ ልጅ አስመሰልሽው አለችኝ።

በጊፋታ ጠዋት የአግዳሚዎቹ ጫፍ ከጣውላው ጠርዝ ወጣ ብሎ በጣት ይዳሰስ ነበር። ጣውላው ጠቧል። መስመሯ ግን አልረዘመችም። ሰዎቹ ሥጋውን ዘርግተው መክተፍ ሲጀምሩ ካራው ባረፈ ቁጥር ትከሻዬ እየዘለለብኝ ከግቢ ወጣሁና ለወንድሜ ደወልኩ። ጠበበ፣ አልተሰነጠቀም አልኩት።

"እሺ፣ ጥጉ ይቆይልሽ" አለ። "ግን አሁንም ይነቃነቃል?"

"ይነቃነቃል።"

ተነፈሰ። ደስ እንዳላለው አውቃለሁ። ስልኩን ዘግቼ ተመልሼ ገባሁ፤ ሥጋው ካለቀ በኋላ መክተፊያውን ያጠበው ሰው ፀሐይ ላይ እንዳያሰጣው ለአክስቴ ገና አልነገርኳትም ነበር።