ገበያነሽ ያማጠችበት ቀን

ንጋት፣ ከሲኒማ ራስ ጀርባ

ስልኬ የጮኸው የሱብሂ አዛን ሳያልቅ ነው። ጋሽ አስፋው ናቸው።

«ከማል፣ ገበያነሽ ምጥ ጀምሯታል። ሁኔታዋ ደስ አላለኝም ብላ ድርቤ ከሱሉልታ ደወለች። መኪና ፈልግልኝ።»

እዚህ ዓምድ ላይ ስለ ሐረር፣ ስለ ጂንካ፣ ስለ መተማ መንገድ ጽፌያለሁ። የዛሬው ጉዞ ከመርካቶ ሱሉልታ ነው፤ ደርሶ መልስ አንድ ቀን አይሞላም። እንደዚህ የከበደኝ መንገድ ግን የለም።

ጋሽ አስፋው የእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኝና አርቢ ናቸው። እኔ ባደግኩበት ግቢ፣ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሚስትም ልጅም የላቸውም። እኔ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው፤ ስለ ፈረስ የማውቀው ከእሳቸው የሰማሁትን ብቻ ነው። ገበያነሽ ደግሞ ባዝራቸው ናት። በአንድ ወቅት ጃንሜዳን ያንቀጠቀጠ ዘር ነበራቸው፤ ከዚያ ዘር የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ረጅሙን የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ በትከሻቸው የተጠቀለለ የጥጥ ገመድ አንግተዋል። ውርንጭላ መጎተቻ ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ደረታቸው ያፍናቸዋል፤ «አይሂዱ፣ እኔ እሄዳለሁ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊታቸውን አይቼ ተውኩት።

ተካ የሚባል የሰፈራችን ሾፌር በአሮጌ ቪትዙ መጣ። በምን አለሽ ተራ በኩል ወጣን። ቀን ቀን ቆርቆሮ የሚቀጠቀጥበት፣ ጆሮ የማይሰማበት መንገድ ዝም ብሏል። የዘይት በርሜሎች በግማሽ ተቆርጠው ዝናብ ጠጥተዋል፤ ገና ያልተጨረሱ ምድጃዎች በሸራ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ጭቃው ከሽንኩርት ልጣጭና ከካርቶን ጋር ተቦክቷል። አንድ አይሱዙ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ጆንያ ያራግፋል። ተካ ጥሩንባውን ነፋ።

«ተው፣ አትጩህባቸው» አሉ ጋሽ አስፋው። «እነሱም ሥራ ላይ ናቸው።»

የአይሱዙው ሰዎች ጨርሰው እስኪለቁልን ጠበቅን። እሳቸው የገመዱን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

ማለዳ፣ አዲሱ ገበያ

ዳገቱን ከመጀመራችን በፊት ተካ ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ቆመ። እኔ ከመንገድ ዳር ሻይና ብስኩት ገዛሁ። ብስኩቱ በመጠን አንሶ በዋጋ ጨምሯል። ጋሽ አስፋው ሻዩን ያዙት እንጂ አልጠጡትም።

«ፋዘር፣ ሰው ነው የታመመብዎት?» አለ ተካ በመስታወቱ እያያቸው።

«ፈረስ ናት።»

ተካ ሊስቅ አለና እኔን አይቶ ተወው። «የጋሪ?»

«የእሽቅድምድም» አልኩት እኔ። እሳቸው እንዲመልሱ አልፈለግኩም።

ጋሽ አስፋው ግን ራሳቸው ጀመሩ። ከሱሉልታ ሜዳ ተነሥተው ጃንሜዳ የገቡት ጋጣ ለመጥረግ ነበር። ያኔ ከውጭ የመጡ የእንግሊዝ ዘር የሚባሉ ፈረሶች ነበሩ፤ እግራቸው ቀጭን፣ ደረታቸው ጥልቅ፣ ቆዳቸው ከመሳሳቱ የተነሣ የደም ሥራቸው የሚታይ። አንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ ነበር ያስተማራቸው። ጥዋት ጥዋት ጆሮአቸውን ፈረሱ ጎን ላይ ለጥፈው ትንፋሹን እንዲሰሙ ያደርጋቸው ነበር። ጊዜው ሲለወጥ ባለቤቶቹ ተበተኑ፤ ፈረሶቹም ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ ጋሪ ጎተቱ። እሳቸው አንዲት እርጉዝ ባዝራ በእግር እየሳቡ እንጦጦን ተሻግረው ሱሉልታ ገቡ። ከእሷ ሆድ የወጡት፣ ከልጆቿም የተወለዱት፣ በኋላ ውድድሩ ሲመለስ ዋንጫ በዋንጫ ላይ አመጡላቸው።

«ከዚያስ?» አለ ተካ።

«ከዚያማ ባለሀብቱ ፈረስ መያዝ ተወ። ፎቅ ይሻላል አለ። ውድድሩ እየራቀ ሄደ። ጋላቢዎቼ ባጃጅ ገዙ። የፈረስ በሽታም መጣ፤ በአንድ ክረምት ጋጣዬን ባዶ አደረገው።» ሻዩን በመስኮት ደፉት። «እሷ ብቻ ተረፈች።»

ስለ ገበያነሽ አስተዳደግ እኔ ልንገራችሁ፤ ዐይኔ ያየው ነውና። እናቷ ስትወልዳት ሞተች። በሱሉልታ የምታጠባት ሌላ ባዝራ አልነበረችም። ጋሽ አስፋው የአንድ ቀን ውርንጭላዋን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በሚኒባስ ጭነው መርካቶ አመጧት። ግቢያችን ውስጥ እትዬ ሰዓዳ ላም ነበረቻቸው፤ የወተት ንግዳቸውን ትተው በጡጦ አሳደጓት። እግሯ ሲጠና ከጋሽ አስፋው ኋላ እየተከተለች ሶማሌ ተራ ድረስ ትመጣ ነበር። አባቴ ሱቅ ውስጥ አንገቷን አስገብታ የፍሬን ሸራ ካርቶን ትበላለች። ነጋዴው ሁሉ ሥራውን ጥሎ ያያታል። ገበያነሽ ብለው ስም ያወጡላት የተራው ሰዎች ናቸው። ከፍ ስትል ሱሉልታ ተመለሰች፤ ሮጠች፣ አሸነፈች፣ ወለደች። የወለደቻቸውን ሁሉ ያው በሽታ ወሰዳቸው።

ይህ የአሁኑ እርግዝና የመጨረሻዋ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዕድሜዋ ገፍቷል። ያጠቃት ድንጉላም ከዚያ ወዲህ ሞቷል።

ረፋድ፣ ሱሉልታ

እንጦጦ ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ተካ አንገቱን አውጥቶ እያየ ነዳ። ቁልቁል ስንወርድ ሜዳው ተከፈተ፤ እኔ በልጅነቴ የማውቀው ሜዳ ግን አይደለም። በቆርቆሮ ታጥሯል፤ የብሎኬት ክምር፣ የተጀመረ መጋዘን፣ ብረቱ ወደ ሰማይ የቆመ ምሰሶ።

«እዚያ ጋ ነበር የማሮጣቸው» አሉ ጋሽ አስፋው። የጠቆሙት ሲሚንቶ የሚያራግፉ ሰዎችን ነው።

መኪናው ጭቃው ውስጥ መግባት አቃተው። ወርደን በእግር ሄድን። ጋሽ አስፋው በየጥቂቱ እየቆሙ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ፤ ክንዴን ስሰጣቸው ግን አይዙትም።

እትዬ ድርቤ ደጅ ላይ ጠበቁን። ባላቸው የጋሽ አስፋው የጋጣ ሸሪክ ነበሩ፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ገበያነሽን የሚያበሉ፣ የሚያጠጡ፣ ሌሊት ተነሥተው የሚያዩ እትዬ ድርቤ ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገዋል፤ ዐይናቸው ቀልቷል።

«የእንሽርት ውኃው አሁን ፈሰሰ» አሉ። «የእንስሳት ሐኪሟም መጥታለች። ጋሽ አስፋው፣ የውርንጭላው አንገት ወደ ኋላ ዞሯል ትላለች።»

ጋጣው ውስጥ ገበያነሽ በጎኗ ተኝታለች። ቀይ ዳማ ናት፤ ላብ አጥቁሯታል። በገለባው ላይ እግሯን ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። ጋሽ አስፋውን ስታይ ጆሮዋ ቆመ፤ ከጉሮሮዋ ዝቅ ያለ ድምፅ አወጣች። ጭንቅላቷ አጠገብ ተንበርክከው አንገቷን በእጃቸው መዳፍ አሹት።

ዶክተር ሄለን እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባለች። ወጣት ናት፤ ፊቷ ደክሟል። የውርንጭላውን ጭንቅላት ለማዞር ደጋግማ ሞከረች። ገመዱን ተቀብላ አንዱን እግር አሰረች፤ እኔና ተካ በምትለን ሰዓት ጎተትን፣ በምትለን ሰዓት ለቀቅን። ጭንቅላቱ አልመጣም። ገበያነሽ በየምጡ መሀል ዐይኗ እየፈዘዘ ሄደ።

ሐኪሟ እጇን አወጣችና ተረከዟ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ጋሽ አስፋው፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ጊዜ የለንም» አለች። «ውርንጭላው በሕይወት አለ። ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ ጠብቶኛል። ሁለቱንም የማድንበት ቦታ ቢሆን ኖሮ እሞክር ነበር። እዚህ አልችልም። እናቲቱን ከቀደድኳት ውርንጭላው ሊወጣ ይችላል፤ እሷ ግን አትተርፍም። እሷን እናድን ካሉ ደግሞ ጭንቅላቱን በኃይል ነው የማመጣው። እሱ አይቆይም።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ሁላችንም የሚሉትን የምናውቅ መስሎን ነበር። እትዬ ድርቤ ብርድ ልብስ ይዘው ቀርበዋል፤ ለውርንጭላው። እኔም በልቤ እትዬ ሰዓዳ ዛሬ ላም የላቸውም፣ ወተት ከየት እናመጣለን እያልኩ ነበር። ስለ ዘር ሲሉ ተራራ ያቋረጡ፣ ስለ ዘር ሲሉ ቤት ያልሠሩ ሰው ናቸው። ባዝራዋ ከእንግዲህ አትወልድ፣ አትሮጥ። ውርንጭላው ደግሞ ያ ሁሉ ነገር ነው።

«እሷን አድኚልኝ» አሉ።

ዶክተሯ ያልሰማች መሰለች። «እናቲቱን?»

«አዎ።»

«ጋሽ አስፋው» አሉ እትዬ ድርቤ፣ «ዘርዎ እኮ ነው። ሌላ የለም። ያስቡበት።»

«ድርቤ፣ አስቤበታለሁ።» ከገበያነሽ አንገት ቀና አላሉም። «እናቷ እንዲህ ስትሆን ቅደዱ ያልኩ እኔ ነኝ። ጭንቅላቷን ይዤላት ነበር። ማደንዘዣው አልበቃም። እስከ መጨረሻው ዐይኔን እያየች ነው የሄደችው። ይህቺን ልጅ ያገኘሁት በዚያ ነው፤ አልቆጭም አልልም፣ እቆጫለሁም አልልም። ሁለተኛ ግን አላደርገውም። ያልመጣውን አላውቀውም። እሷ ታውቀኛለች።»

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። ገመዱ መዳፌን ላጠው። ተካ ያለቅስ ነበር፤ እየጎተተ ያለቅሳል። ሲወጣ ሴት ሆና አገኘናት። እንደ እናቷ ቀይ ዳማ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ እግሯ ረጅም። ዶክተር ሄለን ደረቷን አሸች፣ በአፍንጫዋ ተነፈሰችላት፤ ትንሽ ቆይታ እጇን አነሣች።

ጋሽ አስፋው ገለባ አነሡና ውርንጭላዋን ያደርቋት ጀመር። ጆሮዋን፣ አንገቷን፣ በእግሮቿ መሀል። በሕይወት ላለ እንደሚደረገው። ማንም አላስቆማቸውም።

ከሰዓት በኋላ፣ ጋጣው

እኔ አካፋ አንሥቼ ነበር። «ገና ነው» አሉኝ። «እናት ሳታውቅ ልጇ አይወሰድባትም። ከወሰድክባት ስትፈልግ ትኖራለች።»

ስለዚህ ተቀመጥን። ገበያነሽ መርፌ ተወግታ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተነሣች። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ወደ ውርንጭላዋ ሄዳ አሸተተቻት፤ ላሰቻት፤ በአፍንጫዋ ገፋ አደረገቻት። እንደገና። ዝቅ ባለ ድምፅ ጠራቻት። እትዬ ድርቤ ያንን መስማት አቅቷቸው ወደ ቤት ገቡ። ቆሎና ሻይ ልከውልን ነበር፤ ቀዘቀዘ።

ዶክተር ሄለን መድኃኒቱን አስረድታኝ ሄደች። ስትወጣ ጋሽ አስፋው ፊት ቆመች።

«የሚቻልሽን አድርገሻል፣ ልጄ» አሏት። «እግዜር ይስጥሽ።»

ዝናቡ አባራና መልሶ መጣ። ባዝራዋ ከልጇ አጠገብ ቆማ አንገቷን ደፍታለች። አንዴ ራቅ ትላለች፤ ተመልሳ ትመጣለች። በመጨረሻ ፊቷን አዙራ ወደ ድርቆሹ ሄደችና አንድ አፍ አነሣች። ጋሽ አስፋው ያን ጊዜ ተነሡ።

«አወቀች» አሉ።

ከጋጣው ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ቆፈርን። አፈሩ ውኃ ስለጠጣ አካፋው ላይ ይጣበቃል። ስንጨርስ ጋሽ አስፋው ለእትዬ ድርቤ እንዲህ አሏቸው፦

«መንግሥት እንደ ሜዳው ይህንንም ቦታ እስኪወስደው እዚህ ትቆይ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ያኔ እናያለን። ሥራ የለባትም። ትብላ።»

«እርስዎስ?» አሉ እትዬ ድርቤ።

«እኔማ አሠልጣኝ ነበርኩ» አሉ።

ምሽት፣ መርካቶ

ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቷል። አዲሱ ገበያ ላይ ብዙ ቆምን። ተካ ሬዲዮ አልከፈተም። ሒሳቡን ስሰጠው የነዳጁን ብቻ ወስዶ የቀረውን ኪሴ ውስጥ መለሰ። ጋሽ አስፋው ጭንቅላታቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ነበር፤ የተኙ መስሎኝ በካፖርታቸው ልሸፍናቸው ስል ዐይናቸው ክፍት ነው።

መርካቶ ገበያዋ እየተፈታ ደረስን። ሲኒማ ራስ ጋ ወያላው ይጣራል፤ ተሸካሚው ባዶ ጀርባውን ይዞ ይሮጣል፤ የሱቁ ሁሉ ብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ይወርዳል። የሚያውቁን ሰዎች «ከየት ነው?» ይላሉ። «ከሱሉልታ» እላለሁ። በዚያ ያልፋሉ።

የግቢው በር ላይ እትዬ ሰዓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከጥዋት ጀምሮ ሲጠብቁ ነው የዋሉት። ዐይናቸው ደክሟል፤ ቢሆንም ጋሽ አስፋው ካፖርት ላይ የደረቀውን ደም አዩት።

«አስፋው፣ ወለደች?»

«ሴት ወልዳ ነበር፣ ሰዓዳ።»

«እሷስ?»

«እሷ አለች።»

እትዬ ሰዓዳ ግድግዳውን ይዘው ተነሥተው ገቡና በማንቆርቆሪያ ውኃ ይዘው ተመለሱ። ከቀብር ለተመለሰ ሰው እንደሚደረገው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ጋሽ አስፋው እጃቸውን ዘረጉ። ውኃው በጣቶቻቸው መሀል ቀይ ሆኖ ወረደ፤ ከዚያ ቡኒ ሆነ፤ ከዚያ ጠራ።

«አላህ ያጥናህ» አሏቸው።

«አሜን» አሉና ጎንበስ ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

እትዬ ሰዓዳ ማንቆርቆሪያውን ወደ እኔ አዘነበሉ። እኔም እጄን ዘረጋሁ።