የዕቁቡ ላንድሮቨር

ኸድሩ በአጎቱ ሱቅ ጨርቅ ሲለካ ጢም አበቀለ። ዲላ ገበያ ላይ ሱቅ ሞልቷል፤ ወደ ወናጎ የሚወጣ መኪና ግን ቡና እንጂ ሰው መጫን አይወድም። ጊዜው የጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ኸድሩ "የራሴን ሥራ እጀምራለሁ" አለ፤ አጎቱም "አላህ ያግዝህ" ብለው መቀሱን ተቀበሉት።

ሙሴ ኮስታ የሚባል ግሪካዊ ቡና ነጋዴ አሮጌ ላንድሮቨር ይሸጥ ነበር። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ለጥምቀት። ለጥምቀት ካልሞላ መኪናዋ ወደ ሙሴ ኮስታ ትመለሳለች፤ የተከፈለው ግን አይመለስም። ኸድሩ ተስማማ። የመጀመሪያውን ግማሽ ከየት እንደሚያመጣ ያሰበው ከተስማማ በኋላ ነው።

ዕቁብ ነበረው፤ ዕጣው ግን አልደረሰውም። የዕቁቡ ዳኛ አቶ ገሪማ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ንግግር ይወዳሉ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለው አባላቱን አስማሙና ያለ ዕጣ ገንዘቡን ሰጡት። ኸድሩ ደስታው አናቱ ላይ ወጣ። ሲመርቃቸው፣ ሲያመሰግናቸው ቆይቶ "እንግዲህ መኪናዋ የእናንተ ናት" አለ። ሰው ለወጉ የሚለውን ነገር ዕቁብተኞቹ እንደ ውል ያዙት።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ቅቤ ነጋዴዋ ወይዘሮ አልጣሽ ቅላቸውን ታቅፈው ከፊት ተቀመጡ። ኸድሩ ሒሳብ ሊል አፉን ሲከፍት "መኪናችን ሞተሯ ይጮሃል፤ አሳያት እንጂ!" አሉት። አቶ ገሪማ የስፌት መኪናቸውንና አማቾቻቸውን ይዘው መጡ። ሳምንት ሳይሞላ ወናጎ ላይ የወይዘሮ አልጣሽ ዘመድ ያልሆነ ሰው ጠፋ። የሚከፍል መንገደኛ ቦታ አጥቶ በእግሩ ይሄዳል።

ኸድሩ ሒሳብ አይጠይቅም። ገንዘባቸውን ወስዶ ሒሳብ ቢላቸው ምን ይሉታል? ይሉኝታ ከቤንዚን ይልቅ አከሰረው። ኅዳር ገባ፤ ቡና የሚሸጥበት፣ ሰው ሁሉ ገንዘብ የሚይዝበት ወር። እሱ እጁ ባዶ ነው።

"ጥምቀት እየደረሰ ነው" አለችው ሚስቱ ኩልሱም።

"አላህ ያውቃል።"

"አላህማ ያውቃል። ሙሴ ኮስታ ነው የማያውቀው።"

በማግስቱ ገበያ ነበር። ኩልሱም መጥታ በወይዘሮ አልጣሽና በአቶ ገሪማ መካከል ተሸጎጠች። መኪናዋ ሳትነሣ የሻሿን ጫፍ ፈታችና ሽልንግ አወጣች።

"ኸድሩ፣ ሒሳቤን ተቀበል።"

"ምን ነካሽ? ሚስቴ አይደለሽም እንዴ?"

"ሚስትነቴ እቤት ነው። ቤንዚን ሚስት አያውቅም። ስሙኒ መልስ አለኝ።"

ኸድሩ አፈረ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን የሚሆነውን አጥቶ ስሙኒዋን መለሰላት። አቶ ገሪማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ወይዘሮ አልጣሽ ቅላቸውን አዩ፣ ኩልሱምን አዩ፤ የባለመኪናው ሚስት ከፍላ እሳቸው በነፃ ቢሄዱ ገበያው ምን ይላል? ያው ይሉኝታ ዞሮ እሳቸውን ያዛቸው። ከፈሉ። አማቾቹም ከፈሉ። አቶ ገሪማ ስለ መረዳዳት ትንሽ ተናገሩና ለስፌት መኪናቸው ጭምር ከፈሉ።

ከዚያ ወዲያ ኩልሱም ገበያ በዋለ ቁጥር ትሳፈራለች፤ ሰው እየሰማ ትከፍላለች። ኸድሩም ቀን ሰው፣ ማታ ቡና ጫነ። በጥምቀት ዋዜማ የመጨረሻውን ገንዘብ ለሙሴ ኮስታ አስረክቦ ወጣ።

በቀጣዩ ገበያ ኩልሱም ልትሳፈር ስትመጣ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ ነገራት። "ዕዳው አለቀ። እንግዲህ የኛ ናት፤ አትክፈዪ።"

"ለማን ነገርክ?"

"ለማንም።"

"በል እንዳትናገር" አለችና ሽልንጓን ዘረጋችለት።

ኸድሩ ዐይኑ እንባ አቀረረ። እንደዚያ ቀን ወዷት አያውቅም። ስሙኒ መልስ ሰጣት።